ቁልፍ

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከሚዛን ፊት ቆሜ፣
በስፕሪንግቦክ ፖስታ ቤት ጥቅል ስቀበል ከርሜ፣
እጄ ውሸት ይለያል።
የሕፃን አሻንጉሊት እንዲህ አይከብድም፤
ሲወዘውዙት እንደ ጠጠር አይንኳኳም።

ቴፑን ሰነጠቅኩት፤ አፈር አፈር ሸተተ።
በሶፍት ወረቀት ተጠቅልሎ የተከተተ
መቶ አርባ ሦስት ነፍስ፣ ሥሩ እየተጎተተ፤
ትልቁ የሸሚዝ ቁልፍ ቢያህል ነው።

በጋውን ብራና ለብሶ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፤
ክረምት አንድ ዝናብ ሲጥል ቆዳውን ገልጦ ያያል።
ከአያቴ በዕድሜ የሚበልጥ አለ ከመካከላቸው።
ስንት ዘመን ረገጥናቸው፣
ስም እንኳ ሳናወጣላቸው!
ባሕር ማዶ መስኮቱ ላይ የሚደረድራቸው ግን
ስማቸውንም ያውቃል፣ ዋጋቸውንም።

ፖሊስ መጣ፣ ቆጠረ፣ ጻፈ፣ ወሰደ።
ከዚያ ወዲያ እንቅልፌ እንደ ወጣ ሄደ።
ከሞቱት አንዷን በክብሪት ቀፎ አድርጌ፣
ቅዳሜ ከነዳጅ ማደያ፣ እሑድ ከጸሎት ቤት ደጅ፣ ሰው ፈልጌ፣
«እዩ!» እላለሁ።
«ድንጋይ ነው» ይላሉ።
«ቀረብ በሉ፣ እዩ፤ ከእኛ ኮረብታ ሌላ
ይህ ዘር በምድር ላይ አገር የለው፣ ከለላ።»
«አይበላ፣ አይጠጣ!» አለ አንዱ፣ ነዳጅ እያስቀዳ።
«ቁልፍ ነው» አልኩት፣ «በሩን ገና ያላገኘነው።»
ሽማግሌው ሊንክስ ግን ምርኩዙን ተክሎ፦
«የመዳቡ ጉድጓድ ተዘግቶ እኛ ስንነቀል
በክብሪት ቀፎ ይዞን የዞረ ማነው?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ በዋለ ዕለት
አፌ አመለጠኝ፤ ወይም ለቀቅኩት፦
«ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሕፈት፣
ፊደሉን ወደ ግራ የሚያጋድመው፣
የአብነር ነው። የልጄ።
ያጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እጁን ይዤ በእጄ።
ቴፑን ሳልቀድም አውቄዋለሁ፤
ስልኩን ስደውልም አውቅ ነበር።»
አንድ ወንበር ተንቋቋ።
ሌላ ማንም ምንም።

አሁን ከፖሊስ ጣቢያው ጓሮ፣ በፕላስቲክ ሣህን ላይ፣
መቶ አርባ ሦስቱ
(መቶ አሥር፣ ኋላም ዘጠና ስምንት ሆነው)
የገዛ አፈራቸውን ይጠብቃሉ።
«መመለስ አንችልም» አለች ባለሙያዋ ልጅ፣
«ከየትኛው ኮረብታ እንደ ተነቀሉ ማን ያውቃል?»

ማን ያውቃል።

ትናንት ወኅኒ ቤት ወረድኩ።
ዳቦ አልያዝኩም፤ ቁጣዬንም እደጅ ተውኩ።
ወረቀትና እርሳስ በመስታወቱ ሥር አሳለፍኩ።
ለብዙ ጊዜ ጥፍሮቹን አየ።
ከዚያ ፊደሉን ወደ ግራ አጋድሞ፣ ቀስ እያለ ጻፈ፦
«ከደረቀው ወንዝ ማዶ፣ ነጭ ጠጠር ካለበት፣
ከሦስተኛው ቋጥኝ በስተግራ።
ሁሉንም አልነቀልኩም፣ እማ።»