ልክህን እወቅ

ጋዜጠኛው መጣ ከጨዋታው በኋላ፤
ጉልበቴ በረዶ ታስሮበት፣ ትከሻዬ ዝላ።
«ማላል፣ ነጥቡስ ይቆየን» አለ፣ «ስለ ሱሪህ አውጋ፤
ከጫፉ ላይ ያ ቁራጭ፣ የሌላ ጨርቅ ዜጋ፣
የማን ፋሽን ነው?» አለኝ፣ ካሜራውን ሊያስጠጋ።

ሳቅኩና ዝም አልኩ።
ውጭው የሊትዌኒያ ክረምት፣ ዛፉ በበረዶ ተሸልሎ፤
እንዴት ይነገራል ሩፊስክ
በሁለት ደቂቃ ተጠቅልሎ?

አባቴ ቢራን ልብስ ሰፊ ነበረ፣
በእግር መኪናው ላይ ሌሊቱን ያደረ፤
የሰው ሠርግ ሰፍቶ፣ የሰው በዓል ሰፍቶ፣
የራሱን ቀዳዳ ለነገ እያሳደረ።
እኔን ግን ፈጣሪ ያለ ሜትር ቀደደኝ፤
በየዒዱ ማግስት ሱሪዬ አጠረኝ።

አዲስ ጨርቅ ከየት ይምጣ?
ከሙሽራ ቀሚስ ተርፎ የወደቀ፣
ከዱቄት ጆንያ ጽሑፉ ያልለቀቀ፣
ከሟች አጎቴ ጀለብያ ሰማያዊው ያላለቀ፣
በዓመት አንድ ጋት፣ በዓመት አንድ ጋት፣
ሱሪዬን ደረጃ አረጋት።

«ደረጃው መጣ! ውጡበት!» ይላሉ የሰፈር ልጆች።
እያለቀስኩ ስገባ፣ መርፌ በጥርሱ ነክሶ፣
ሜትሩን ካንገቱ ወደ እግሬ መልሶ፣
«ልክህን እወቅ» ይለኛል።
ስድብ ይመስለኝ ነበር፤
«ዝቅ በል» ያለኝ፣ «አንተ የድሃ ዘር»።

የበርሜል ቀለበት ከኒም ዛፍ ላይ የታሰረ፣
መረቡ የአሮጌ ጀልባ፣ ዓሣ ሲይዝ የኖረ፤
ኳሷ ባለፈች ቁጥር ቅርፊት ይረግፍ ነበረ።
በዚያ ቅርፊት ውስጥ ነው መዝለል የተማርኩት፣
ፀጉሬ ላይ የብር ፍንጣሪ ይዤ ቤቴ የገባሁት።

ከዚያ ሰውየው መጣ፣ ጫማው የሚያበራ።
«ፈረንሳይ» አለ፣ «ክለብ» አለ፣ ብዙ ማኅተም ጠራ።
እናቴ ኩምባ የዓሥር ዓመት የዓሣ ገንዘቧን
ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረች፤
ጣቷ ጨው ነበር፣ ብሩም ጨው ጨው ይላል፤ ዱዓ አድርጋ ሰጠች።

ካዛብላንካ፣ አውቶቡስ ጣቢያ፣
«ውሃ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ሄደ።
እስካሁን እየገዛ ነው።

ሰባት ወር። የመስጊድ በረንዳ። ካርቶኑ አጭር፤
እግሬ ከካርቶኑ ውጭ፣ ለብርድ የተሰጠ ብድር።
«ለምን?» እል ነበር ወደ ላይ። መልስ አልነበር።
ግን ስሰግድ (ይህን ለካሜራ አልናገርም)
ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ በቀን አምስቴ ሲታጠፍ፣
ከብርቱካን ሻጩ ሽማግሌ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሰለፍ፣
ገባኝ፦ ቁመትም ጨርቅ ነው፤
እጥፋት አለው በጫፍ።

ዛሬ የሚላን ሰፊዎች ልኬን በቃላቸው ያውቃሉ፣
ሱፉን በሣጥን፣ በሐር ወረቀት ይልካሉ።
እኔ ግን መቀስ አነሳለሁ፤
ከጫፉ ላይ አንድ ጋት፣ ከማይሄድ ጨርቅ እቀጥላለሁ።
የቡድን ጓደኞቼ ይስቃሉ። ይሳቁ።
የዱቄት ጆንያ ለብሰው አያውቁ።

ባለፈው በጋ ሩፊስክ ገባሁ። የአባቴን ዓይን ሞራ ጋርዶት፣
መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ድመት ወልዳበት።
«ቁም» አለኝ። ቆምኩ።
በስንዝሩ ጀመረ፣ ከቁርጭምጭሚቴ ተነሥቶ፤
ሦስት፣ አራት፣ ደረቴ ላይ እጁ ዝሎ፣ እጁ ፈርቶ፣
«ወንበር አምጡ!» አለ። እናቴ ያዘችው፤ ወጣ።
ዘጠኝ ስንዝር ተኩል፣ አናቴ ላይ መዳፉ መጣ።
ትንሽ ቆየ እዚያው። እጁ የኖራ ሽታ አልለቀቀም።
«ገና ነህ» አለ፣ «አላለቅክም።
ለሰፊህ ንገረው፣ እጥፋት ይተውልህ።
ልክህን እወቅ።»

«እና የማን ፋሽን ነው?» ጋዜጠኛው ይጠብቃል።
«የአንድ ዓይነ ስውር» አልኩት።
ቀልድ መስሎት ሳቀ፤
ጻፈው።
እኔም በረዶውን ከጉልበቴ ፈታሁ፤ ቀልጦ አልቆ ነበር።