እርሳስ

አባቴ ጉተማ ከቃሊቲ ወዲያ፣ ከገላን ዳገት ሥር፣
የሞተ ባትሪ በመጥረቢያ ሲፈልጥ ይውል ነበር።
አሲዱን ለአፈሩ ደፍቶ፣
ሆድቃውን በከሰል አቅልጦ፣
በሰርዲን ጣሳ ያረጋዋል።
በኪሎ ይሸጣል። በዚያው ኪሎ እኔ ተምሬያለሁ።

ደብተሬን የገዛልኝ እርሳስ፣
ፊደል የቆጠርኩበት እርሳስ፣
ስማቸው አንድ ነውና አንድ መስለውኝ፣
ጫፉን በምላሴ ሳረጥብ
«ትፊው!» ብሎ ጮኸብኝ።
ለካ ያኔም ያውቅ ነበር።

አሁን ነጭ ጋዋን ለብሼ በእርሳስ እመዘግባለሁ፦
ቡድን ሁለት፣ እርሳስ ብቻ።
ቡድን ሦስት፣ እርሳስና የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ።
አይጦቹ ስም የላቸውም። አንዷን ግን፣
ጅራቷ ላይ ሦስት ቀይ ጭረት ያላትን፣
ማንም ሳይሰማኝ እንደምን አደርሽ እላት ነበር።

ስለ አንጀት ስንቱ ገጠመ፣
ስለ ሆድ ስንቱ አዜመ፤
ጉበትን ማን አስታመመ?
ጓዳ ተቀምጣ የቤቱን መርዝ ሁሉ አጣቢ፣
ስሟ ለምስጋና የማይነሳ፣
ብረት ሲገባባት እንደ ቆርቆሮ
ከውስጥ የምትዝግ፣ ድምጽ ሳታሰማ።
ቅጠሉም ጀግና አይደለም፤
ዝገቱ ሊነክሳት ሲመጣ
«እኔን» ብሎ ከፊቷ ይቆማል፣
ተነክሶ ያልቃል።

እሑድ ወደ ቤት ወረድኩ።
አንጓው ዝሎ ብርጭቆ አይጨብጥም፤
ሲስቅ ድዱ ላይ፣ እንደ ደብተር መስመር፣
ሰማያዊ ጭረት አየሁ።
«ያቺ ባለ ሦስቷ ዳነች ወይ?» አለኝ።
«ጉበቷ ደህና ነበር።»
«ነበር?»
«ሳልከፍታት አላየውም፣ አባ።»
ዝም አለ።
በፌስታል ያመጣሁለትን ሽፈራው አሸተተ፤
«የኔን እንግዲህ ሳትከፍቺ እመኚ» አለ።

«ቅጠሉ ኋላ ይደርሳል» አልኩት፣
«መጀመሪያ ምድጃው ይጥፋ።
አይጧ እርሳሱን ራሷ አታቀልጥም።»
«ምድጃው ሲጠፋ
ታናሽሽ በምን ይማር?»

ለዚህ ጥያቄ ቡድን አላዘጋጀሁም።
የወንዙ ሽታ በመስኮት ገባ፤
ጎረቤት ቆስጣዋን በዚያው ውኃ ታጠጣለች።

ኦብሳ ጥግ ላይ የቤት ሥራውን ይሠራል።
ሰባት ሲባዛ ስምንት ጠፍቶት፣
ጣሪያ ጣሪያውን እያየ
የእርሳሱን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተ።
ግራፋይት ነው፤ እንደማይጎዳው አውቃለሁ፤
ያስተማሩኝ እኮ ይህንን ነው።
አባቴና እኔ ግን
በአንድ ድምጽ ጮኽንበት፦
«ትፋው!»