ሁለት ጊዜ ይነበብ

ነፋስ በማይደክምበት በፓታጎኒያ ምድረ በዳ፣
ጎረቤት ሁለት ቀን በፈረስ በሚርቅበት ሜዳ፣
የሬዲዮ አንባቢ ነበርኩ፤ ስሜም ኔሊዳ።
አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክራፎን፣ የሚያጨስ ምድጃ፣
ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የአለቃዬ ማዘዣ፦
«እንደተጻፈ ይነበብ። አይጨመር፣ አይቀነስ።
ሁለት ጊዜ ይነበብ፣ ነፋሱን አልፎ እንዲደርስ።»

ስልክ አልነበረም። ማታ አንድ ሰዓት ሲል
ሸለቆው በየጎጆው ጆሮውን ያቀናል፦
«ለኤውሴቢዮ፣ ከወንዙ ማዶ፦ ሚስትህ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና።
ሴት ናት። ሐሙስ መሻገሪያው ላይ ጠብቅ፣ ትርፍ ፈረስ ያዝና።»
«ለኪንታና ወንድማማቾች፦ ሱፉን አትሽጡ፤ ዋጋው ወርዷል።»
«ለሮሰንዶ፦ ሰው ሠራሽ ጥርስህ ፋርማሲው ዘንድ ደርሷል።»
ያን ማታ ሸለቆው በሙሉ ሳቀ ይሉኛል፤
ሮሰንዶም በድዱ።
እኔ ግን ሳቁን አልሰማሁም። ሬዲዮ አፍ ነው፣ ጆሮ የለው፤
ለጨለማ ታወሪያለሽ፤ ጨለማው ዝም ነው።

አንድ የሰኔ ማታ፣ በዚያ አገር በረዶው ሲከምር፣
ከብጣሽ ወረቀቶቹ በአንዱ ላይ የራሴ ስም ነበር።
«ለኔሊዳ፣ በሬዲዮ ጣቢያው፦ እናትሽ ንጋት ላይ አረፈች።
የመኪናው መንገድ ተዘግቷል። አትምጪ።»
እንደተጻፈ አነበብኩ፤ ምላሴም አልታሰረች።
ማዘዣው ማዘዣ ነውና ደገምኩት።
በመጀመሪያው ዜና ነበር፤ በሁለተኛው ሞተች።

በሦስተኛው ቀን ኮቴ ሰማሁ። በሩን ከፈትኩት፦
ኤውሴቢዮ ሕፃኗን ካባው ሥር እንደ ትኩስ ዳቦ ሸሽጎ፣
ኪንታናዎች የበግ ታፋ ይዘው፣ ሮሰንዶ አዲስ ጥርሱን አድርጎ።
ማንም አልተናገረ። ቃሉን አስቀድመው ሰምተውታል፤
ምድጃውን ከበው ተቀመጡ።
መልስ ለካ በኮቴም ይመጣል።

ዛሬ ኮረብታው ላይ ምሰሶ ቆሞ በቀይ ዓይኑ ይጠቅሳል፤
ሰው ሁሉ የየራሱን መርዶ በየኪሱ ይቀበላል።
አልወቅሰውም፤ አምና ኤውሴቢዮን ልቡን ሲወጋው በሌሊት
ሄሊኮፕተር የጠራለት ያው ምሰሶ ነው፣ ፈረስ በማይደርስበት ሰዓት።

ልጄ ከሩቅ ወደብ፣ ከዓሣ መርከብ ላይ፣ ትናንት ጻፈ፦ «ደርሻለሁ።»
አንዲት ቃል። መነጽሬን ፈለግሁ፤ ከወንበሬ ተነሣሁ፤
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«ለኔሊዳ፣ በወጥ ቤቷ፦ ደርሻለሁ።»
ድመቷ ቀና አለች።
«ለኔሊዳ፣ በወጥ ቤቷ፦ ደርሻለሁ።»