ሦስተኛው ደረጃ

ፒያኖ ቃኚ ነኝ፤ እንጀራዬ ክር ነው፤
የላላ ድምፅ ሲሰማ ጥርሱን የሚያመው ሰው።
ቦስተን፣ ትልቁ ሱቅ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ምንጣፍ ሻጩ ከጎን፣ አምፖል ሻጩ ከላይ፣
ዐሥራ ሁለት ፒያኖ ተሰልፎ ቆሞ፣
አንድ ሽማግሌ አለ ሊሸጥ ተሸልሞ፤
አንገትጌው የነጣ፣ ክራቫቱ ንጹሕ፣
ጫማው ውስጡ ካርቶን፣ በዝናብ የሚጮህ።

አምብሮዝ ፒንካም ይባላል። ስሙን ማን ያውቀዋል?
ዘፈኑን ግን ፖስተኛው እንኳ ያፏጨዋል።

ሎውል ነው ትውልዱ፣ የፋብሪካ አገር፣
ጥጥ እንደ በረዶ ከሰው ፀጉር ሲያድር።
እናቱ ሸማኔ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ጎሕ ሲቀድ የምትገባ ጥጥ ለብሳ፣ ጥጥ ውጣ፣ አልቃ።
ልጁ ከአልጋው ሆኖ ደረጃ ይቆጥራል፤
አንደኛው ዝም ይላል፣ ሁለተኛው ዝም ይላል፣
ሦስተኛው ይጮሃል።
ያኔ ዓይኑን ይከድናል።
ሌላ ጸሎት አልነበረው፤ ይኸው ነበር አሜኑ፣
ጣውላ ሲያቃስት መስማት በየቀኑ።

አንድ ንጋት አልጮኸም።
ስለዚያ ንጋት አንዴ ብቻ ነግሮኛል፤ ደግሜ አልጠየቅሁም።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኒውዮርክ ገባ፣
ዜማ እንደ ዳቦ ከሚጋገርበት ጎዳና፤
በየመስኮቱ ፒያኖ፣ በየፒያኖው ላብ።
ሊበርታል የሚሉት አሳታሚ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ሰማው።
«ጥሩ ነው፤ ግን ያስለቅሳል።
ለቅሶ በዚህ ሳምንት ገበያ የለውም።
እናትየዋን አውጣት።
ኮረዳ አስገባ፤ አባቷ ይተኛ፣ ወዳጇ ይሹለክ፤
ደረጃው ሲጮህ አባት ይንቃ፣ ሰው ይሳቅ።
አፍጥነው።»

አፈጠነው።
እናቱን አወጣት።
ሃያ አምስት ዶላር፤ የማይመለስ ሽያጭ፤ ፊርማ።

ከዚያማ ማን ያዘው!
ሚልዋኪ መጠጥ ቤት፣ የመርከብ ወለል ላይ፣
በሸክላ፣ በኦርጋን፣ በጋሪ ነጂ አፍ ላይ፤
ሚሊዮን ወረቀት በየሰው ጠረጴዛ፣
ሽፋኑ ላይ ዶሊ ቫን ሆርን ስቃ፣ ቀሚሷን ይዛ፣
የእሱ ስም ከእግሯ ሥር፣ ደቃቃ፣ እንደ ጤዛ።

ሌላም ጻፈ፤ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ብስክሌት፣ ረግጦት ስለማያውቀው ደቡብ።
ጦርነቱ ሲመጣ «ሂዱ ልጆች» አለ፣ ከበሮ ጨመረ።
የሚስቱ ወንድም እያፏጨው ሄደ።
ከዚያ ወዲያ ኮርዴሊያ
የፒያኖውን ክዳን በሳህን ሞላችው፤
አንሺልኝ ሊላት አልደፈረም።

ደግሞ ሬዲዮ መጣ፣ ሲኒማው ተናገረ፣
ሰው ጣቱን አጣጠፈ፣ ቁልፍ ማዞር ተማረ።
አምብሮዝ ሠላሳ ዓመት በጥንቃቄ ቤት መታ፤
አከራዩም የእሱን በር መታ፣ በየማታ።
ቤቱ የሌላ ሆነ፤
ምቱ ግን የራሱ።

ኅዳር ነበር። ዝናብ።
ባለ ፀጉር ካፖርት ወይዘሮ መጣች፣ ሴት ልጇን አስከትላ።
«እስቲ የሚታወቅ ነገር ንካልኝ» አለችው።
ጣቱን አሟሸ። ነካ።
በቀስታ። እንዳልተሸጠ አድርጎ።
እግሩን እየጎተተ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፤
ሦስተኛው ላይ ቆም አለና
ጠበቀ።

እኔ ከጎኑ ካለው ፒያኖ ሥር ነበርኩ፤
ወጥሬ የያዝኩትን ክር እጄ ላይ ረሳሁት።

«አይ፣ ተሳስተሃል» አለች ሴትዮዋ፤ «እንዲህ አይደለም።
ይኼ የሚያስቅ ዘፈን ነው። ፈጠን በል።
እናቴ ሁልጊዜ ትጫወተው ነበር።»

ቀና ብሎ አያት።
ሊናገር ነው ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።
«ልክ ነዎት እመቤቴ» አለ፤ «ተሳስቻለሁ።»
አፈጠነው።
ልጅቷ ሳቀች። እናትየዋ ቼክ ጻፈች።

በሳምንቱ ልቃኘው ቤታቸው ተላክሁ፤
(ፒያኖም ቤት ሲቀይር እንደ ሰው ያመዋል።)
መሣሪያዬን ይዤ ደረጃውን ጀመርኩ።
አንድ።
ሁለት።
ሦስተኛው ላይ ቆምኩ፤ በሙሉ ክብደቴ።
ጠበቅኩ።

ወፍራም ምንጣፍ ለብሷል፤
ያው ከእኛው ሱቅ የተገዛ።