ማብሪያና መጥሪያ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልናዘዝ ከሥሩ።
የካ አባዶ ጫፍ ላይ ብሎኮች ሲሠሩ
ሽቦ የሳብኩት፣ ቁልፍ የገጠምኩት፣
ግድግዳ ቦርቡሬ ጅማት የሰጠሁት
እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ሲታጠፍ፣
ጎን ለጎን ተተክሏል ሁለት ነጭ ቁልፍ፦
አንደኛው ማብሪያ፣ ለደረጃው መብራት፤
ሁለተኛው መጥሪያ፣ ለእትዬ ትርንጎ ቤት።
መልካቸው አንድ ነው፣ ልክ እንደ መንታ ልጅ፤
እናት ትለይ ይሆናል፣ አይለይም እጅ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነበረ፤
ኮንትራክተሩም "ነገ ርክክብ!" እያለ ፎቅ ለፎቅ ዞረ።
በቀን ነው የገጠምኩ፤ በቀን ያምር ነበር።
ማታውን አላየሁት፤
ሰው በአንድ እጁ ጄሪካን አንጠልጥሎ
በሌላው ግድግዳ ሲዳብስ፣ ሲደናበር።

ዓይን ያነባል እንጂ ጣት አያነብም፤
ያገኘውን ይጫናል፣ ደጋግሞ አያስብም።
እናም ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ
ብርሃን የፈለገ ሁሉ እትዬ ትርንጎን ይጠራል።
ድሪሪሪ!
"ማነው?"
"ይቅርታ እትዬ፣ መብራት መስሎኝ ነው።"

የመጨረሻው አውቶቡስ ያወረደው ዘበኛ፣
ጎረቤቴ ነርሷ፣ ስንቅነሽ፣ የአዳር ተረኛ፣
ገመቹ፣ ከማዶ መንደር ወተት የሚያመላልሰው፣
ሁሉም ያንኑ ቁልፍ፣ ሁሉም ያንኑ ይቅርታ።
የሚገርመው ደግሞ ሰው ራሱን ነው የሚሰድበው፦
"አቤት የኔ ነገር!" "ፈዝዣለሁ መሰል!" "ዛሬም ረሳሁት!"
እኔ አራተኛ ፎቅ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ፣
ራሳቸውን ሲረግሙ እሰማለሁ፤
አንድም ቀን ወርጄ
"እናንተ አይደላችሁም፣ እኔ ነኝ" አላልኩም።

እትዬ መረራቸው። ከደብተር ቅዳጅ ላይ
በትልልቁ ጽፈው ለጠፉ ከበላይ፦
"ይኼ መብራት አይደለም!!"
እውነት ነው፤ አይደለም።
ግን ጽሑፉን ለማየት መብራቱ ያስፈልጋል፤
መብራቱን ለማብራት ጽሑፉን ማንበብ።
እንዲህ ስንዞር ሁለት ወር አለፈ።

አንድ እሑድ በድብቅ ወረድኩ።
የለስላሳ ቆርኪ፣ ጠርዙ ጥርስ ያለው፣
መጥሪያው ጫፍ ላይ አጣበቅኩ። ሌላ ምንም።
ሦስት ቀን አልሞላም፣ የብሎኩ ጣት ሁሉ ተማረ፤
ቆርኪውን ሲነካ ይሸሻል፣ ልሙጡ ላይ ያርፋል፣ አምፖሉ ቦግ ይላል፤
ማንም አላስረዳ፣ ማንም አልመከረ።
ኩራት ኩራት አለኝ፤ ለማን ነግሬ ልኩራ!

በአሥራ አንደኛው ቀን በሬ ተንኳኳ።
እትዬ ትርንጎ፣ በሸበጥና በካልሲ።
"አንተ የመብራት ሰው፣ መጥሪያዬ ሞተብኝ፤
እስቲ ውረድና እይልኝ።"
ወረድኩ። ተጫንኩት። ድሪሪሪ!
ደህና ነው፤ እንደ ጥንቱ ይጮኻል።
እሳቸው ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤
ከዚያ ቀስ ብለው፣
"ታዲያ ሰዉ የት ሄደ?" አሉ።

ምን ልመልስ?
ከፈረሰ ሰፈር ነው የመጡት፤
ሃያ ሰው ባንድ ግቢ ሲወጣ ሲገባ፣
በር ለንፋስ ብቻ የሚዘጋበት።
እዚህ ግን እንግዳቸው የተሳሳተ ሰው ነበር፤
እኔ ስሕተቱን በቆርኪ ጠረቀምኩት።

ልንቀለው? አልነቀልኩም።
የነርሷም ጥድፊያ፣ የዘበኛውም ድካም አለ።
በማግስቱ ማታ ከሥራ ስመለስ
ጣቴ ከልምዱ ማብሪያውን ነካ፤ አምፖሉ በራ።
አንድ እርምጃ ወጣሁ። ተመለስኩ።
የቆርኪውን ጥርስ በጣቴ ቆጠርኩ፣ አወቅኩት፣
ተጫንኩት።

"ማነው?"
"ይቅርታ እትዬ፣ መብራት መስሎኝ ነው።"

ቆርኪውን አዩ። ቀና ብለው፣
ከራሴ በላይ የሚነደውን አምፖል አዩ።
"አዎ" አሉ፣ "ይኼ ቁልፍ ሰው ያሳስታል"፤
በሩንም ወለል አደረጉት።