ዝንፍ፦ ከቁጥር አንድ እስከ ሦስት

ማባዣው የጤና ኮሌጁ ነበር፤
ቀን ቀን ስለ ወባ፣ ስለ ውሃ ማፍላት፣
ማታ ማታ፣ ዘበኛው ፈንቴ ዓይኑን ሲጨፍንልን፣
(የለም፣ አይጨፍንም ነበር፤ ጉቦው አንድ ቅጂ ነው)
ስለ ምንም።

ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጎንደር፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፤
ሦስት ነበርን፦
አስረበብ፣ በማኅተም ቀለም ወንበር የምትሥል፣
የተቀመጠበትን ሰው ትታ፤
ልሳነወርቅ፣ ከቅኔ ቤት ተጣልቶ የወጣ፣
"ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ምን ያደርግለታል፣ አንዱ ይበቃል" ብሎ፤
እና እኔ፣ አሥር ጣት ብቻ፣ ታይፒስት።

ስሙን ያወጣው ስቴንስሉ ነው።
ጠምሞ ገብቶ፣ መስመሩ ሁሉ ወደ አዘዞ አዘመመ፤
ልቀደው ስል አስረበብ እጄን ያዘች፤
"ተይው። ዝንፍ ይባል።"

ስድሳ ቅጂ፣ ስሙኒ ዋጋው፤
አሥራ አንዱ ተሸጠ።
የፒያሳው ሬዲዮ ጠጋኝ ደጀን ሦስት ገዛ፣
"እንዳልገባኝ በደንብ ላረጋግጥ" ብሎ።

ሁለተኛው ቁጥር ላይ የ"ቀ" ብረት ተሰበረ፤
መለዋወጫው አዲስ አበባ፣
አዲስ አበባ የሁለት ቀን መንገድ፣ ደመወዜ የሁለት ቀን ዕድሜ።
ልሳነወርቅ ሳቀ፦
"ፊደሉን ተይው፤ ቦታውን ግን አክብሪለት።"

አከበርኩለት።
ፍቅር፣ ፍ   ር ሆነ፤
ጨረቃ፣ ጨረ   ፤
ቀሃ ወንዝ ሃ ብቻ ቀረ፣ እንደ ደነገጠ ሰው አፍ፤
ሳቅ ሳያልቅ ቆመ፣ ሳ   ፤
ቂም ጠፋ፣ ይቅርታም አብሮ ተቦደሰ፤
ሰምና ወርቅ ሲል ያደረ አገር
ሰምና ወር   ፣
ሰሙም ቀለጠ፣ ወሩም ደረሰ።
ልሳነወርቅ ደግሞ በገዛ ስሙ መክሰሩን አይቶ፦

   ወርቄን ብትወስጂብኝ ወር ብቻ ተረፈኝ፤
   የቤት ኪራይ ደርሶ አከራይ ገፈፈኝ።

ለሦስተኛው አስረበብ የጎደለውን ሁሉ ቆጠረች፤
አንድ ገጽ ላይ፣ በእጇ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት "ቀ"
ሣለች፤
እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው
ተራ የሚጠብቁ ሰዎች መሰሉ።
አራተኛ የለም።

ያ ጊዜ መጣ። አልዘረዝረውም።
ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ነበር፣ ጨዋም፤
ጥፍሩ ንጹሕ፤
ሦስቱንም ቁጥር ፊቴ ደረደረ።
"ባዶው ውስጥ ምን አለ?"
"የተሰበረ ብረት።"
"እነዚህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው?"
"ፊደል።"
"ስማቸው?"
"ቀ።"
ጻፈ።

ልሳነወርቅ አልተመለሰም።
አስረበብ በመተማ ሱዳን ገባች ይላሉ፤
ባዶ ወንበር ባየሁ ቁጥር አላለቅስም፣
እቀመጥበታለሁ።

ዘንድሮ ለጡረታዬ ማስረጃ ፍለጋ መዝገብ ቤት ወረድኩ፤
ልጅቱ የማልጠይቀውን ዶሴ አቧራውን አራግፋ ሰጠችኝ።
ስድሳው ቅጂ የትም የለም፤
የደጀን ሦስቱ ጣሪያው ሲያፈስ ሟሙ፣
ፈንቴ የራሱን በምን እንደ ጨረሰው አልጠይቅም።
የተረፈው የዚያ ሰው ነው።

በቀይ እስክሪብቶ ባዶውን ሁሉ ሞልቶታል፤
ፍ እና ር መሀል ቅ፣ ከጨረ ጎን ቃ፣
አንድ በአንድ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ገጽ በገጽ፣
ስንት ሌሊት ፈጅቶበት ይሆን?
ኅዳጉ ላይ "እዚህ ቤት አይመታም" ይላል፤ እውነቱን ነው።
እንደሱ አድርጎ ያነበበን አልነበረም፣
ይህንን ማለት ያንቀኛል፣ ግን አልነበረም።

ገጽ ሰባት ላይ ግን ስቷል፤
ሳ   ብለን የተውነውን፣ ሳቅ የነበረውን፣
ሳግ አድርጎታል።

እስክሪብቶ ይዣለሁ።
መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል።