ጥርስ መዝጋቢዋ

ሰኞ በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣
ታጣፊውን ወንበር ዘረጋን፣ ከኒሙ ሥር፣ ከሰልፉ ቦታ።
ጤና ጣቢያው የላከን ሦስት ነን፦
አያንቱ መስታወት ትይዛለች፣
ሾፌሩ ባልዲ ይሞላል፣
እኔ እጽፋለሁ፤
የጠራችውን ቁጥር በየሣጥኑ አሰፍራለሁ።

«ክፈት የኔ ጌታ። ሰፋ አርገው፣ እንደ አዋሽ አዞ።»
ሳቅ። ከዚያ ዝም።
«ሠላሳ ስድስት፣ ጉድጓድ። አርባ ስድስት፣ ደህና።
ሃያ ስድስት... ቆይ፣ መብራቱን አድርጊልኝ ቀና።»

ስንት አፍ አለፈ በፊቴ! በአንዱ የሸንኮራ ጭረት፣
በአንዱ የጠዋት ዳቦ፣ በአንዱ እንቅልፍ ያጣ ሌሊት።
«ሲያምህስ ምን ታደርጋለህ?» ብትለው ናሆምን፣
«እናቴ ቅርንፉድ ታስነክሰኛለች፤
ካልተወኝ፣ ከትምህርት እቀራለሁ» አለን።

ከአራተኛ «ለ» ኩለኒ መጣች፣
በዚያ ንዳድ ሹራቧን እስከ አፍንጫዋ ስባ።
ወንበሩ ላይ ወጣች፤ አፏ ግን አልከፈትም አለ።
«አትቦርሽም ይሉኛል» አለች ከሹራቡ ውስጥ፣
«በየቀኑ እቦርሻለሁ።
በአመድም፣ በከሰልም ፈትጌዋለሁ።
አይለቅም።»

አያንቱ መስታወቷን አኖረች።
«ቆሻሻ አይደለም፣ ልጄ። ውሃው ነው።
ገና ጥርስሽ ከድድ ሳይወጣ ጽፎበታል፤
ጽሑፍ በአመድ ይጠፋል?»
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣
«አንቺ አሳዪያት» አለች።

እኔ?
ሠላሳ አራት ዓመት በእጄ ጀርባ ስስቅ የኖርሁ፣
በሰርጌ ፎቶ እንኳ ከንፈሬን ገጥሜ የቆምሁ፣
ወንጂ ተወልጄ የጉድጓድ ውሃ የጠጣሁ፣
ዛሬ የሰው ልጆች ጉድጓድ በቁጥር የምጽፍ፣
እኔ?

እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።
አሳየኋት።
ቡናማ፣ ጭረት ጭረት፣ ከላይ እስከ ታች።
አየችው። የቆጠረችው መሰለኝ።
ቀስ ብላ ሹራቧን ወደ አንገቷ መለሰች።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ሐዘን ቤትም ይስቃል።
የእኛ ጥርስ ግን ዘመድ ነው፣ ከእኛ ጋር አብሮ ያፍራል።

«ሠላሳ ስድስት፣ ደህና። አርባ ስድስት፣ ደህና።
ጉድጓድ የለም።»
ጻፍሁ። ለቀለሙ ቅጹ ላይ ሣጥን አለ፤
ለማፈሩ የለም።

ከቀትር በኋላ ማደንዘዣው አለቀ።
አሥራ አራት ልጆች ወረቀት ይዘው ሄዱ፦
«ሐሙስ፣ ጤና ጣቢያ፣ በነጻ፣ ከወላጅ ጋር።»
ስንቱ ይመጣል? ባለፈው ዓመት አምስት መጡ።
ሾፌሩ ባልዲውን ኒሙ ሥር ደፋው፣
መሬቱ ሳንዞር ጠጣው።

ናሆም የተነቀለችውን ለመነን፤ በጥጥ ጠቅልለን ሰጠነው።
ጥጡን ጥሎ ቢሮው ጣሪያ ላይ ወረወራት፦
ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣
በቆርቆሮው ተንከባልላ እግሩ ሥር ወደቀች።
አነሳት። ደግሞ ወረወራት። ደግሞ መጣች።

ኩለኒ በር ላይ ቆማ ስታየው
ሳቋ አመለጣት፤
እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ተነሳ፣
ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።